ቮራሲደኒብ ለወንድሜ ሊታዘዝለት ነው፣ ይሄ የአይዲኤች ሚውቴሽን ነገር የገባው ሰው ካለ ያስረዳኝ

ትዝታ_ቨርጂኒያ፦

ሰላም ቤተሰብ። በናታችሁ የህክምና ወይ የላብራቶሪ ሰው ካላችሁ ትንሽ አግዙኝ። ታናሽ ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው፣ ምንም ህመም የማያውቅ ልጅ ስራ ቦታ ቆሞ እያወራ በድንገት ወድቆ ተንቀጠቀጠ፣ በአምቡላንስ ሆስፒታል ሲገባ ኤምአርአይ ተነሳና ጭንቅላቱ ውስጥ በግራ በኩል እጢ ተገኘ። ኦፕራሲዮን ሆነ እግዚአብሄር ይመስገን በሰላም ወጣ፣ ግን ንግግርን የሚያዘው ቦታ ጥግ ስለሆነ ሁሉንም ማውጣት አልቻልንም ትንሽ ትተናል አሉን። የፓቶሎጂው ወረቀት (የእጢው ምርመራ ውጤት) አስትሮሳይቶማ የሚባል የአንጎል እጢ፣ ግሬድ 2፣ አይዲኤች1 ሚውቴሽን አለው ይላል።

አሁን ዶክተሩ ሶስት ምርጫ አቀረበልን። ወይ በየሶስት ወሩ ኤምአርአይ እየተነሳ መጠበቅ፣ ወይ ጨረርና ኬሞ፣ ወይ ደግሞ ቮራሲደኒብ የሚባል በቀን አንዴ የሚዋጥ ኪኒን። ስለ ኪኒኑ ሲያስረዳን ኤፒጄኔቲክ ምናምን እያለ ብዙ አወራ፣ ወንድሜም እኔም አንገታችንን ስንነቀንቅ ቆይተን መኪና ውስጥ ስንገባ እሱ ምን ማለቱ ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም የምመልስለት አልነበረኝም።

ይሄ ኪኒን ኬሞ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ያድናል ወይ? ጂን ጂን ስለሚሉ ደግሞ እማዬ አዲስ አበባ ሆና በዘራችን ያለ ነገር ነው ወይ ብላ ከእንቅልፏ እየተነሳች ትደውላለች፣ ምን ልበላት? ልጁ ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ቀን ቆርጧል፣ ጾሙንም መጾም ይፈልጋል። የምታውቁትን ጻፉልኝ፣ ረጅም ቢሆንም አነባለሁ።

በረከት_ላብ፦

እህቴ እግዜር ይማርልሽ። እኔ ጀርመን ሃይደልበርግ የአንጎል እጢ ላይ ሚሰራ ላብ ውስጥ ነኝ፣ ሀኪም ስላልሆንኩ የቱን ምረጡ አልልሽም፣ ነገርዬው እንዴት እንደሚሰራ ግን ላስረዳሽ።

አይዲኤች1 እኔም ጋ አንቺም ጋ ያለ ኢንዛይም ነው፣ ሴሉ ምግቡን በሚያብላላበት መንገድ ላይ አይሶሲትሬትን ወደ አልፋ ኬቶግሉታሬት ይቀይራል፣ በቃ ተራ ስራ። የወንድምሽ እጢ ውስጥ ግን ከኢንዛይሙ አንድ ቦታ ላይ ለውጥ አለ፣ ሚውቴሽን የሚሉት ይሄንን ነው፣ ብዙ ጊዜ 132ኛው ቦታ ላይ ነው፣ ሪፖርቱን ብታዪው አር132ኤች የሚል ሳይኖር አይቀርም። ይቺ አንዲት ለውጥ ኢንዛይሙን አዲስ አመል ታስይዘዋለች፣ ያንኑ አልፋ ኬቶግሉታሬት መልሶ ወስዶ ቱ ሃይድሮክሲግሉታሬት ሚባል ነገር ይሰራበታል፣ ባጭሩ ቱ ኤችጂ እንበለው። ጤነኛ ሴል ውስጥ ቱ ኤችጂ ከቁጥር አይገባም፣ እዚህ እጢ ውስጥ ግን ይከመራል።

ኤፒጄኔቲክ የሚለው የሚመጣው እዚ ጋ ነው። ዲኤንኤያችን ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽዬ ምልክት ይለጠፋል፣ ምልክቱ የተለጠፈበት ጂን ይዘጋል። ወረዳ ሱቅ ሲያሽግ አይታችኋል አይደል፣ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ማህተም ይመታበታል፣ ውስጥ ያለው እቃ አንድም አልጎደለም ግን ማንም አይገለገልበትም፣ እንደዛ ማለት ነው። ጤነኛ ሴል ውስጥ እሽጉን ሚያነሱ ኢንዛይሞች አሉ፣ ቴት ይባላሉ፣ ዲኤንኤው የተጠቀለለበት ሂስቶን ላይ ያለውን ምልክት ሚያነሱም ሌሎች አሉ። እነዚህ ሁሉ ስራቸውን ለመስራት አልፋ ኬቶግሉታሬት ያስፈልጋቸዋል፣ ቱ ኤችጂ ደግሞ መልኩ ከሱ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ቦታውን ይይዝና ኢንዛይሞቹን ስራ ያስፈታቸዋል። እሽግ ላይ እሽግ እየተደራረበ ሴሉ አድጎ ወደ በሰለ ደጋፊ ሴል መቀየር ሲገባው ሳይበስል እየተባዛ ይቀራል። በ2012 የወጣ ስራ ይቺ ሚውቴሽን ብቻዋን ገብታ ይህን ሁሉ ሜቲል መከመር እንደምትችል አሳይቷል።

ቮራሲደኒብ ሜቲሉን በቀጥታ አይነካም። የተበላሸውን አይዲኤች1ን፣ አይዲኤች2ንም ጭምር፣ ይዘጋውና ቱ ኤችጂ መመረቱ ይቀንሳል። ከኦፕራሲዮን በፊት መድሀኒቱን የወሰዱ ሰዎች እጢ ተወስዶ ሲለካ ቱ ኤችጂው ከ90 በመቶ በላይ ወርዶ ተገኝቷል፣ ስለዚ አንጎል ውስጥ መግባቱ አያጠራጥርም። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ፣ ስንት ጥሩ መድሀኒት ደም ስሩ ላይ ባለው አጥር ተመልሶ የቀረበት አካል ነው አንጎል። እና ኬሞ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም፣ ኬሞ የሚባዛ ሴልን ዲኤንኤ ይቆራርጣል፣ ይሄ አንድ የተበላሸ ኢንዛይም መርጦ ነው ሚዘጋው።

ለእማማ ደግሞ ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያቸው፣ ይሄ ሚውቴሽን ከእናት ከአባት የመጣ አይደለም። ከተወለደ በኋላ አንጎሉ ውስጥ ያለ አንድ ሴል ላይ የተፈጠረ ነው፣ ደሙ ውስጥ የለም፣ ለሚወልዳቸው ልጆችም አይተላለፍም። ምን በላ ምን ነካው ብለው ራሳቸውን እንዳይወቅሱ፣ ማንም ያጠፋው ነገር የለም።

ፋርማ_ሰላም፦

በረከት ሳይንሱን አስቀምጦታል እኔ የኪኒኑን ልጨምር። ሜሪላንድ ውስጥ የካንሰር መድሀኒት ሚያድል ፋርማሲ ነው ምሰራው፣ ይሄ መድሀኒት በእጄ ያልፋል።

ኤፍዲኤ፣ የአሜሪካው የመድሀኒት ፈቃድ ሰጪ መስሪያ ቤት፣ የፈቀደው ነሀሴ 2024 በፈረንጆቹ ነው። የተፈቀደበት ጥናት ኢንዲጎ ይባላል፣ 331 ሰው ነበረበት፣ ሁሉም እንደ ወንድምሽ ግሬድ 2 ሆነው ኦፕራሲዮን ብቻ ያደረጉ፣ ጨረርም ኬሞም ያልነካቸው ናቸው። ግማሾቹ መድሀኒቱን ግማሾቹ ባዶ ኪኒን ወሰዱ። ባዶውን የወሰዱት ጋ እጢው ሳያድግ የቆየበት ጊዜ መካከለኛው 11.1 ወር ነበር፣ መድሀኒቱን የወሰዱት ጋ 27.7 ወር። ለኔ ከዚህም በላይ ትልቁ ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ህክምና ያላስፈለጋቸው ሰዎች ብዛት ነው፣ መድሀኒቱ ጋ 83 በመቶ አካባቢ ባዶው ጋ 27 በመቶ። ልዩነቱ በግልጽ ስለታየ ማን የቱን እንደሚወስድ ካሰቡት ቀድሞ ተገልጦ ባዶ ይወስዱ የነበሩትም ወደ መድሀኒቱ እንዲዛወሩ ተፈቅዷል።

ያድናል ወይ ላልሽው እውነቱን ልንገርሽ፣ አያድንም፣ ያዘገያል። እጢውን ጠራርጎ አያጠፋም፣ ኤምአርአይ ላይ ባለበት ከቆመ ያ ራሱ ውጤት ነው። ዕድሜ ያስረዝማል ወይ የሚለው ገና በጊዜ የሚታይ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ረጅም ዓመት ስለሚኖሩ መልሱም ረጅም ዓመት ይፈልጋል።

አሁን ጥንቃቄው። ጉበት፣ ጉበት፣ ጉበት። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ የጉበት ኢንዛይሙ በጣም ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ህመም ሳይሰማው። ስለዚ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዛ እስከ ሁለት ዓመት በየወሩ ደም ይሰጣል፣ አንዴም ቢሆን ደህና ነኝ ብሎ እንዳይዘለው። ከአገር ቤት የሚላክ ቅጠላ ቅጠል፣ የተቀመመ ማር፣ ጥቁር አዝሙድ ዘይት ምናምን ካለ ከመጠጣቱ በፊት ለሀኪሙ ይንገር። ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፣ የጉበት ኢንዛይሙ ሲወጣ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት ስለማይቻል ጥሩ መድሀኒት በከንቱ ይቋረጥበታል።

ሌላው ሲፕሮ። እኛ ሰዎች ሆዳችንን ሲያመን ሲፕሮፍሎክሳሲን ከሻንጣ አውጥተን መዋጥ እንወዳለን፣ ወይ ከአገር ቤት ሲመጣ ሰው ያመጣዋል። ሲፕሮ ቮራሲደኒብን ሚያፈርሰውን የጉበት ኢንዛይም ስለሚዘጋው መድሀኒቱ ደሙ ውስጥ ይከማቻል፣ አይሆንም። ሲጋራ ደግሞ በተቃራኒው ቶሎ አፍርሶ ያስወጣዋል፣ ሚያጨስ ከሆነ ማቆም አለበት። ለመንቀጥቀጡ ፌኒቶይን ከሆነ ሚወስደው እሱም ቶሎ ያስወጣዋል፣ ኬፕራ ከሆነ ችግር የለም።

ጾሙ አይከለክለውም፣ በምግብም ያለምግብም ይዋጣል፣ ብቻ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን። ሳይታኘክ ሳይሰበር በውሀ።

ትዝታ_ቨርጂኒያ፦

እግዚአብሄር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም፣ እውነት ነው ምላችሁ ለእማዬ የዘር አይደለም ብዬ ስነግራት ስልኩ ላይ አለቀሰች። ሰላምዬ ስለ ሰርጉስ? እጮኛው ልጅ እንዲወልዱ በጣም ትፈልጋለች። እና ደግሞ እማዬ ጸበል ይምጣ እያለች ነው፣ እሱም ልቡ ወደዛ ነው።

ፋርማ_ሰላም፦

ሰርጉማ ይደገስ፣ ምን ችግር አለው። ግን መድሀኒቱን እየወሰደ እና ካቆመ በኋላም ሶስት ወር ድረስ እርግዝና እንዳይፈጠር መጠንቀቅ አለባቸው፣ ጽንስ ሊጎዳ ይችላል። ዘር የመስጠት አቅምንም ሊነካ ስለሚችል መድሀኒቱን ከመጀመሩ በፊት ስፐርም ማስቀመጥ እፈልጋለሁ ብሎ ራሱ ያንሳው፣ ቀጠሮው አጭር ስለሆነ ካልተጠየቀ ሳይነሳ ሊያልፍ ይችላል። ይህን የሚያነቡ ሴት ታካሚዎች ካሉ ደግሞ መድሀኒቱ የሆርሞን ኪኒንን አቅም ሊቀንስ ስለሚችል ሆርሞን የሌለው መከላከያ ነው ሚመከረው።

ጸበሉን በተመለከተ እኔም የማርያም ልጅ ነኝ፣ ይጠመቅ። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የመንቀጥቀጡን መድሀኒት ትቶ እንዳይገባ። ኬፕራ በድንገት ሲቆም መንቀጥቀጡ ተደራርቦ ሊመጣ ይችላል፣ ጸበል ውስጥ ቆሞ ቢመጣበት አደጋው ሌላ ነው። ጠዋት ኪኒኑን ውጦ፣ አጠገቡ ሰው ቆሞ።

ሶል_ዳላስ፦

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። የኔ አባት ግላዮብላስቶማ የሚባለው ክፉ የአንጎል እጢ ነው የተባለው፣ ወረቀቱ ላይ ኤምጂኤምቲ ሜቲሌትድ ይላል። ይሄም ሜቲል ያም ሜቲል፣ ይሄ ኪኒን ለሱም ይሆናል ማለት ነው? ሌላ ደግሞ ዴፓኪን፣ የመንቀጥቀጥ መድሀኒቱ፣ ኤፒጄኔቲክ መድሀኒት ስለሆነ እጢውን ይገድላል ብሎ አንድ ሰው ቪዲዮ ላይ ሲያወራ ሰማሁ፣ አገር ቤት በርካሽ ስለሚገኝ ብንጨምርለትስ?

በረከት_ላብ፦

ሶል አባትህን ፈጣሪ ይማርልህ። አይሆንለትም፣ ግላዮብላስቶማ አሁን ባለው አመዳደብ አይዲኤች ሚውቴሽን የሌለበት ነው፣ ቮራሲደኒብ ሚዘጋው ነገር እዛ የለም። የኤምጂኤምቲው ነገር ግን ለአባትህ ጥሩ ዜና ነው። ኤምጂኤምቲ ኬሞው ያበላሸውን ዲኤንኤ ሚጠግን ጂን ነው፣ እሱ በሜቲል ሲዘጋ እጢው ራሱን መጠገን ያቅተውና ቴሞዞሎማይድ የሚባለው ኬሞ በደንብ ይሰራበታል። በ2005 በወጣው ጥናት ጂኑ የተዘጋባቸው ሰዎች ጨረርና ቴሞዞሎማይድ ሲያገኙ የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ 21.7 ወር ነበር፣ ጨረር ብቻ የጀመሩት 15.3። ስለዚ ቴሞዞሎማይዱ ላይ በርቱ።

ዴፓኪን እውነት ነው ኤችዳክ ሚባለውን ኤፒጄኔቲክ ኢንዛይም ይዘጋል፣ ላብ ውስጥ ሳህን ላይ ሴል ይገድላል፣ መጀመሪያ ላይ የወጡ ትንንሽ ሪፖርቶችም ተስፋ ሰጥተው ነበር። በኋላ ግን ትልልቅ ጥናቶች ላይ የነበሩ ታካሚዎች መረጃ አንድ ላይ ተሰብስቦ ሲታይ፣ 2016 ላይ ወጥቷል፣ የወሰዱትና ያልወሰዱት ዕድሜ ልዩነት አልነበረውም። ለመንቀጥቀጥ ሀኪም ካዘዘው ይውሰድ፣ ለካንሰሩ ብላችሁ ግን እንዳትጨምሩ፣ እንቅልፍና የእጅ መንቀጥቀጥ አለው ደም የሚያረጋውን ፕላትሌትም ይቀንሳል፣ ቴሞዞሎማይዱም ፕላትሌት ይቀንሳል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ኬሞው ሊቋረጥበት ነው። ቪዲዮ ላይ እንደዛ ብሎ ሚያወራ ሰው በጣም ነው ሚያናድደኝ፣ የሰው ነፍስ እኮ ነው።

ዳዊት_ሰሚት፦

እኛስ እዚህ አዲስ አበባ ያለነው። እህቴ 29 ዓመቷ ነው፣ ተመሳሳይ ነገር፣ ኦፕራሲዮን ተደርጋለች፣ ወረቀቷ ሎው ግሬድ ግላዮማ፣ ማለት ደረጃው ዝቅ ያለ የአንጎል እጢ፣ ብቻ ይላል፣ ሚውቴሽን የሚል ነገር የለውም። ህንድ ውሰዷት የሚሉን አሉ፣ ቤት ሸጠን እንሂድ ወይ እያልን ነው።

ኒውሮ_አዲስ፦

ዳዊት ቤቱን አትሽጡ፣ መጀመሪያ ብሎኩን ጠይቁ። እዚሁ አዲስ አበባ የነርቭ ቀዶ ህክምና ሬዚደንት ነኝ። ኦፕራሲዮን ላይ የወጣው እጢ ፓቶሎጂ ክፍል ሲገባ በሰም ውስጥ ተቀብሮ ብሎክ ይሆናል፣ የአውራ ጣት ጥፍር ከፍ ያለ የምታክል የፕላስቲክ ሳጥን ላይ ያለች ነጭ ሰም ናት፣ መሀሏ ላይ ቁራጭ ስጋ ይታያል፣ ጎኗ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ፍሪጅ አትፈልግም፣ ዓመታት ትቆያለች። ከሷ ላይ በስሱ እየተላጠ ነው ምርመራው ሚሰራው። እህትህ ራሷ ወይ ወኪሏ መታወቂያና ካርድ ቁጥር ይዛችሁ ሄዳችሁ ብሎኩንና ስላይዱን ለሌላ ምርመራ እንፈልጋለን ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፣ ስትረከቡም ፈርማችሁ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። ሰው ሳይሄድ ብሎኩ ብቻ ውጭ ሄዶ ሊመረመር ይችላል፣ ልዩነቱ የአንድ ፖስታና የሁለት ሰው ትኬት ነው።

የምትጠይቁት ምርመራ አይዲኤች1 አር132ኤች የሚባል በቀለም የሚሰራ ነው፣ በረከት ያለበት ሃይደልበርግ ነው ፀረ አካሉ የተሰራው፣ ከአይዲኤች ሚውቴሽኖች 90 በመቶ ገደማውን ይይዛል። ፖዘቲቭ ከሆነ ሚውቴሽኑ አለ ማለት ነው፣ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም። ኔጌቲቭ ከሆነ በሷ ዕድሜ የቀሩትን ለማየት ሲኩዌንሲንግ፣ ማለት የጂኑን ፊደል አንድ በአንድ ማንበብ፣ ያስፈልጋል። 1ፒ 19ኪው የሚባለውን የክሮሞዞም ምርመራም አብራችሁ ጠይቁ፣ ኦሊጎዴንድሮግላዮማ የሚባለው ሌላው የእጢ አይነት ከሆነ እሱ ነው ሚለየው። ውጤቱ መድሀኒቱ ባይገኝ እንኳን ይጠቅማል፣ እጢው ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው ወይስ ወረቀቱ ሎው ግሬድ ቢልም ጠባዩ ክፉ ነው የሚለውን ይለያል፣ ጨረር አሁን ይጀመር ወይ ይቆይ የሚለውም በሱ ይወሰናል። መድሀኒቱ ያለ ኢንሹራንስ በወር በአስር ሺዎች ዶላር ስለሆነ ለእሱ ብሎ ቤት መሸጥ አያዋጣም፣ ቤቱ አልቆ ኪኒኑ ይቋረጣል።

ለትዝታም አንድ ልበል፣ ጨረርና ኬሞን እንደ ሽንፈት እንዳታዩት። ግሬድ 2 ሆነው አደጋቸው ከፍ ያለ ሰዎች ላይ ጨረር ብቻ ያገኙት የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ 7.8 ዓመት ነበር፣ ጨረር ሲደመር ፒሲቪ የሚባለው ኬሞ ያገኙት 13.3 ዓመት፣ ይሄ በ2016 የወጣ ነው። ዕድሜ ማስረዘሙ በጥናት የታየው እሱ ነው። ቮራሲደኒብ የመጣው ያንን ለማስቀረት ሳይሆን ለማዘግየት ነው፣ ምክንያቱም ጨረር ከዓመታት በኋላ የማስታወስ ችሎታን ሊነካ ይችላል፣ 34 ዓመቱ ሰርቶ የሚበላ ልጅ ነው። ስለዚ ዶክተሩን የቀረው እጢ ስንት ነው፣ እያደገ ነው ወይ፣ መንቀጥቀጡ በመድሀኒት ተይዟል ወይ ብላችሁ ጠይቁት፣ ለኢንዲጎ የተመረጡት ቶሎ ጨረር የማያስፈልጋቸው ሰዎች ናቸው፣ ወንድምሽ ከነሱ ጋር ይመሳሰላል ወይ የሚለው ነው ጥያቄው።

ሀያት_ሪያድ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ ሪያድ ነኝ። የእህቴ ልጅ 7 ዓመቷ ነው፣ አገር ቤት የአንጎል ግንድ ላይ እጢ አለ ብለዋት ኦፕራሲዮን አይቻልም ተብሏል። ይሄ መድሀኒት ለሷ ይሆን ይሆን? የምልክላት ካለ ሰርቼ እልካለሁ።

በረከት_ላብ፦

ሀያት አላህ ይማርልሽ። ይሄኛው ለሷ አይሆንም፣ እሱ 12 ዓመትና ከዛ በላይ ሆኖ አይዲኤች ሚውቴሽን ላለው ነው። የልጆች የአንጎል ግንድ እጢ ብዙውን ጊዜ ኤች3 ኬ27ኤም የሚባል ሚውቴሽን አለው፣ በ2012 ነው የታወቀው፣ እዛ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ነው፣ ጂን ሚዘጋው ኢንዛይም ራሱ ስራ ይፈታና መዘጋት ያለባቸው ጂኖች ክፍት ይሆናሉ። ፓኖቢኖስታት የሚባል የኤችዳክ መድሀኒት ላብ ውስጥ በጣም ተስፋ ሰጥቶ ነበር፣ ወደ አንጎል በደንብ ስለማይገባ ልጆቹ ላይ እንደታሰበው አልሄደም። ነሀሴ 2025 በፈረንጆቹ ዶርዳቪፕሮን የሚባል በሳምንት አንዴ ሚዋጥ መድሀኒት አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ሚውቴሽን ተፈቅዷል፣ ከ1 ዓመት ጀምሮ፣ ህክምና አግኝተው እጢው እንደገና ላደገባቸው። 50 ሰው ላይ ታይቶ 22 በመቶው ላይ እጢው በግልጽ ቀንሷል። ብዙ አይደለም፣ ግን ከዛ በፊት ምንም አልነበረም።

አሁን ለልጅቷ መጀመሪያ የሚደረገው ጨረር ነው፣ ያዘገየዋል ጣጣውንም ያቀልላታል፣ መራመድና መዋጥ ሊመለስላት ይችላል። የምትልኪው ብር ለጨረሩ መመላለሻና ማረፊያ ይሁን፣ ከክልል ከሆኑ ለሳምንታት አዲስ አበባ መቆየት አለ፣ ቤተሰቡን ሚያስቸግረው እሱ ነው።

ሀያት_ሪያድ፦

ከሀረር ናቸው። ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ። አላህ ይስጥህ ወንድሜ።

ትዝታ_ቨርጂኒያ፦

ሀያትዬ አይዞሽ፣ በጸሎቴ አለች። ዶክ ጥያቄዎቹን ጽፌ ይዤያለሁ፣ ሀሙስ ቀጠሮ አለን፣ የስፐርሙን ነገር እሱ ራሱ አነሳዋለሁ ብሏል። ሰላምዬ ኢንሹራንሱ እምቢ ቢልስ? እና አንድ ቀን ቢረሳው ይደርብ?

ፋርማ_ሰላም፦

መጀመሪያ ላይ እምቢ ማለታቸው የተለመደ ነው፣ አትደንግጡ። የሀኪሙ ቢሮ ይግባኝ ሲጽፍ የፓቶሎጂውን ወረቀት ሚውቴሽኑ የተጻፈበትን ገጽ ማያያዙን አረጋግጡ፣ ያ ገጽ ሳይያያዝ የተመለሰ ብዙ አይቻለሁ። አምራቹ ሰርቪዬም የታካሚ ድጋፍ ፕሮግራም ስላለው በጎን ማመልከት ትችላላችሁ።

ከረሳው፣ ስድስት ሰዓት ካላለፈ ያስታወሰ ጊዜ ይዋጥ፣ ካለፈ ይተወውና ነገ በሰዓቱ አንዱን ብቻ። ውጦ ቢያስታውከውም አይድገመው። መቼም አይደርብ።